የጋሽ ገሠሠ ዙሪት

የጋሽ ገሠሠ ዓይን የታይፕ ጽሑፍ ማንበብ እምቢ ካለ ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ መስከረም አሥራ አራት ቀን ጠዋት የመጣላቸውን ደብዳቤ ያነበበችላቸው ልጃቸው ሠናይት ናት። ደብዳቤውን ያረቀቀችውም እሷው ናት፤ ይህን ግን አባትየው አያውቁም። ከማኅተሙ ሥር ያለው ፊርማ የአለቃዋ የሐዲስ ነው። ቆጮው ከነሳህኑ እንደ ቀረበ፣ ሻዩ በቴርሞስ እንደ ተከደነ፣ ሠናይት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የራሷን ቃል ለአባቷ ታነባለች፦ «…ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ያረጀና የዛገ፣ ለሕዝብ ደኅንነት እጅግ አደገኛ የሆነ መሣሪያ መሆኑ በባለሙያ ስለ ተረጋገጠ…» «እጅግ» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰናከለ። «እጅግ»ን የጨመረው ሐዲስ ነበር። ሌላው ሁሉ የሷ ነው።

ጋሽ ገሠሠ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያልቅ እንደገና አንብቢልኝ ይሉ ይሆናል ብላ ፈርታ ነበር፤ አላሉም። «ይቺን የጻፈ ሰው አማርኛው ጥሩ ነው» አሉ። «ግን መጥቶ አላየውም። ቢያየው የዛገ አይልም ነበር። የቱ ጋ ነው የዛገው?»

«እኔ ምን አውቄ አባዬ» አለች።

ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ኮሚቴ በዚሁ ቀን በስምንት ሰዓት መጥቶ መሣሪያውን በዓይኑ ካየ በኋላ ውሳኔ እንደሚሰጥ ይላል። እሳቸው የያዙት ይህችን መስመር ብቻ ነው። ይምጡ፣ አሉ፤ ዓይን ያለው ሰው ይምጣልኝ እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ፣ አሉ። ቆጮውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሱና ሰማያዊ ቱታቸውን ሊለብሱ ተነሡ። ሠናይት ሳህኑን አነሣች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ ደብዳቤውን አጣጥፋ ከሬዲዮኑ ሥር አስቀመጠች። እናቷ ላቀች ካረፈች ሁለት ዓመት ወዲህ በዚህ ቤት ጠዋት ጠዋት ብዙ ወሬ የለም። አባትና ልጅ አልተኳረፉም፤ በመካከላቸው ሆና ወሬውን የምታመላልሰው ሰው ስለሌለች ነው። ሠናይት ጫማዋን ስታደርግ፣ ዋሸሁ እንዴ፣ ብላ ራሷን ጠየቀች። አልዋሸችም። መንግሥት ቤት ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ሳይዋሽ እውነቱን መዝለል ይችልበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦንጋ ውስጥ፣ ከድሮው የእንጨት መሰንጠቂያ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ፣ በየዓመቱ ለመስቀል ሰሞን የሚቆም መጫወቻ አለ፤ የከተማው ሰው «ዙሪት» ይለዋል። መካከሉ ላይ ከአንድ ወጥ የዝግባ ግንድ የተጠረበ ምሰሶ፣ ከምሰሶው አናት እንደ ጃንጥላ አጥንት የተዘረጉ አሥራ ሁለት ክንዶች፣ ከየክንዱ በሰንሰለት የተንጠለጠለ አንዳንድ ወንበር። ሞተር የለውም። ሁለት ሰው ማኖቬላውን ይዞ ሲያዞር ምሰሶው ቀስ ብሎ መዞር ይጀምራል፤ ወንበሮቹ መጀመሪያ እንደ ሰነፍ ይጎተታሉ፣ ከዚያ ወደ ውጪ ይዘረጉና የተቀመጠው ሰው ከመሰንጠቂያው ቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አሻግሮ ጫካውን ያያል። በጃንሆይ ጊዜ መሰንጠቂያውን ያሠራ የነበረ አንድ ግሪክ፣ ከአገሩ በመጣለት ሥዕል እያየ ለሠራተኞቹ ልጆች ያሠራው ነው፤ የያኔው ወጣት ገሠሠ እጁ ያረፈበት የመጀመሪያ ሥራ። ደርግ መሰንጠቂያውን ሲወርስ ዙሪቱም አብሮ ተወረሰና ስድስት ዓመት ቀበሌ መጋዘን ውስጥ ዶሮ ሰፈረበት። ጋሽ ገሠሠ ማመልከቻ ጽፈው፣ ደጅ ጠንተው፣ አስወጡት።

እንዲህ ዓይነት ፍቅር ሰው ላይ ቢሆን ያስወራል። አልጋቸው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለ፤ ውስጡ በሙሉ ከመጽሔት የተቆረጠ የመጫወቻ ሥዕል ነው። በእንጨት ተራራ ላይ ሽቅብ የሚወጡ ባቡሮች፣ ክር በመሰለ ብረት የተሳሰሩ ግዙፍ መንኮራኩሮች፣ ጥርሳቸውን ያገጠጡ የእንጨት ፈረሶች። እንግዳ ከመጣ ሳጥኑ ይወጣል። ይኼኛው መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሁለመናው እንጨት ነው፣ አንድ ምስማር አልተቀየረም፣ ይላሉ፤ ከየት እንዳወቁት እግዜር ይወቅ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ሄደው በኤሌክትሪክ የሚዞር አዲስ መጫወቻ ላይ ወጥተው ነበር። ተቀይመው ተመለሱ። «አዲሱ ማሽን ዝም ብሎ ሠርቶ ዝም ብሎ ይሰበራል» አሉ። «እንጨትና ሰንሰለት ግን ሳይናገር አይሞትም። ሰሚ ከተገኘ።» እሳቸው ሰሚ ነን ባይ ናቸው፤ ጆሯቸውን ምሰሶው ላይ ለጥፈው የትኛው ክንድ ግራሶ እንደጠማው ይናገራሉ። በአርባ ዓመት ውስጥ ከዙሪት ላይ የወደቀ ሰው የለም። ጉልበቱ የተላጠ እንኳ የለም።

ሠናይት መሥሪያ ቤት ስትደርስ ሐዲስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ሐዲስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ለፍትሕ ስል እናገራለሁ። የቦንጋ ልጅ ነው፣ አስተዳደጉ መሰንጠቂያው ሰፈር ነው፣ እሱም በዙሪት ዞሯል። ያ ቢፒአር የሚባል ነገር መጥቶ ሰዉ ሁሉ ከወንበሩ ተነቅሎ እንደ ችግኝ እንደገና ሲተከል፣ እሱ የሥራ ሂደት መሪ ሆኖ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ከላይ የሚደወልለት ስልክ በዛ። ሜዳው ለባለሀብት ተሰጥቷል፤ አጥር ከመስቀል በፊት መጀመር አለበት። «የሰውየውን ማሽን ለመሬቱ ብለን አነሣነው ከተባለ ሕዝቡ ያጉረመርማል» ብሏት ነበር ባለፈው ሳምንት፤ «ለደኅንነት ከተባለ ግን ማንም አይናገርም።» እሷም ጻፈች። ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ መሰንጠቂያው ከቢሮዋ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። አልሄደችም። ብትሄድም ምን እንደምታይ ታውቀዋለች።

ዛሬ ሐዲስ ቢሮውን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኮሚቴው ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች አሉበት። ማሽኑን ቢያዩት ሊወዱት ይችላሉ። እኔ የምፈራው እሱን ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። አባትሽ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ አንቺን ወንበሩ ላይ ውጪ ይሉሻል። አትውጪ። በቃ። ሌላ አንድ ቃል መናገር የለብሽም።» ከዚያ ወረቀት ሲያስተካክል ቆየና፣ የቋሚ ሠራተኞች ዝርዝር ነገ እንደሚለጠፍ፣ ስሟ እንዳለበት፣ ከሰዓት በኋላ ግምገማ ላይ ግን ማን ምን እንዳደረገ እንደሚነሣ ነገራት። ስድስት ዓመት በኮንትራት ሠርታለች። በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ ትታደስ አትታደስ እያለች እንቅልፍ ታጣለች። ሐዲስ ዓይኗን አላያትም፤ እሷም ግድግዳው ላይ ያለውን የሥራ ሂደት ሠንጠረዥ ስታይ ቆየች።

ስለ ልማዱ መናገር ያስፈልጋል፤ ሐዲስ የተማመነው በሱ ነውና። ዙሪት በቆመ ቁጥር ጋሽ ገሠሠ አሥራ ሁለቱ ወንበሮች ላይ አሥራ ሁለት ጆንያ አሸዋ ይጭናሉ፤ አንዱ ጆንያ ከወፍራም ሰው ይከብዳል። መቶ ዙር ያዞሩታል። አሸዋው ከወረደ በኋላ ግን በቀጥታ ሕዝብ አይወጣም። መጀመሪያ የራሳቸው ቤተሰብ ይወጣል። «የኔን ሰው ያላስቀመጥኩበት ላይ የሰው ሰው አላስቀምጥም» ነው ሕጉ። ኢሕአዴግ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰዉ ተሰልፎ እየጠበቀ፣ ላቀች ወንበሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ምን ሆንሽ ቢሏት ምንም፣ ብቻ ዛሬ ሆዴ እምቢ አለኝ አለች። ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ገሠሠ አልሳቁም፤ ሰልፈኛውን በትነው ማሽኑን ፈቱት። በአራተኛው ቀን ሦስተኛው ክንድ ላይ፣ ወንበሩን የሚይዘው የብረት ካስማ፣ ፔርኖው ውስጥ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኙ። ከዚያ ወዲህ በአሸዋው ሳይሆን በቤተሰባቸው ሆድ ያምናሉ። አሁን ከቤተሰቡ የቀረችው ሠናይት ብቻ ናት።

ስምንት ሰዓት ሲሞላ ሜዳው ላይ አርባ የሚሆን ሰው ነበር። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ወጥታለች፤ ሣሩ እርጥብ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ከማንኪራ ማር ይዘው ለገበያ የወጡ ሰዎችም እንስራቸውን መሬት አስቀምጠው ቆመዋል። ሐዲስ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር መጣ፤ አንደኛው ካሜራ ይዟል። ጋሽ ገሠሠ ጨበጧቸው፣ ከዚያ ማሽኑን ዞር ዞር እያደረጉ አሳዩአቸው፦ ይኼ ኩሽኔታ ከጭነት መኪና የመጣ ነው፣ ይኼ ሰንሰለት የጥንቱ ነው፣ ይኼ ክንድ በሰባ ስድስት ተቀየረ። ድምፃቸው እንደ ሙሽራ አባት ሞቅ ብሏል። ካሜራ የያዘው ሰው ምሰሶውን በመዳፉ እያሻሸ «ይኼ ሙዚየም የሚገባ ነው እኮ» አለ። ሐዲስ ሠናይትን አያት።

ዘርትሁን አሸዋውን ጭኖ ጨርሷል። ዘርትሁን ማኖቬላውን ከጋሽ ገሠሠ ጋር ሃያ ዓመት ያዞረ ሰው ነው፤ ቤቱ የሚናገረው ካፊኖኖ ነው፣ አማርኛው የገበያ ነው፣ ክንዱ ግን የሁለት ሰው። መቶውን ዙር ሲያዞሩ ሰዉ አብሮ ቆጠረ። ጋሽ ገሠሠ ስልሳ ላይ ማኖቬላውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ጆሯቸውን ምሰሶው ላይ ለጠፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እስከ መቶ ድረስ አልገለጡም። ሲገልጡ ፈገግ አሉ። አሸዋው ወረደ። የመጀመሪያውን ወንበር በቱታቸው እጅጌ ወለወሉና ሰንሰለቱን ይዘው ዞሩ።

«ነይ ልጄ።»

ሠናይት ከሰዉ መካከል ወጣች። ከወንበሩ ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ልውጣ ብላ አሰበች፣ በእውነት አሰበች። ሰኔ መጣባት። ሐዲስ መሬት መሬት ያያል።

«ዛሬ ይቅርብኝ አባዬ» አለች።

ጋሽ ገሠሠ አልተቆጡም። ብታስቀይማቸው፣ ብታሳፍራቸው ኖሮ መቆጣቱን ያውቁበት ነበር። ፊታቸው ላይ የመጣው ድንጋጤ ነው። ሰንሰለቱን እንደ ያዙ ቀረብ አሏትና «ምን ታየሽ?» አሉ በዝግታ።

«ምንም። ብቻ ይቅርብኝ።»

ከዚያ ወደ ዘርትሁን ዞረው «ፍታው» አሉ።

«ኧረ ጋሼ» አለ ዘርትሁን፤ «ምንም የለውም እኮ። ዛሬ ድምፁ አንድም አልተበላሸ። እኔ ልውጣ፣ ልጆቼ ይውጡ።»

«ላቀችም ያን ቀን ምንም ነው ያለችኝ። ፍታው።»

ሰዉ ተንጫጫ። ካሜራ የያዘው ሰው ግራ ገብቶት ሐዲስን ምንድነው ነገሩ ቢለው፣ ባለንብረቱ ራሳቸው አደጋ ስላዩበት አንሥተውታል አለው ሐዲስ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሠናይት ናት። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «መሣሪያው በባለንብረቱ ሙሉ ፈቃድ እንዲነሣ ሆኗል» ብላ ጻፈች። ሁሉም ፈረሙ። ሐዲስ ሲሄድ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ግምገማው ላይ ባትመጣም ችግር የለም አላት። ያን ትከሻዋን ልትታጠበው ፈለገች።

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። የማይቻለው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ሴት የልጇን እጅ እንደ ያዘች ወደ ሠናይት መጣችና፣ እግዜር ይስጥሽ እህቴ፣ ልጄ ሁለተኛ ተራ ላይ ነበር፣ አለቻት። ሌላዋም መጣች። አንድ የማንኪራ ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው አባትሽ ጥሩ ልጅ ወልዷል አሉ። ጋሽ ገሠሠ ደግሞ መሰላሉ ላይ ሆነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ተባረኪ ልጄ። እናትሽን ወጣሽ። ዛሬ ነፍስ አድነሻል» አሉ። ሠናይት የሚሰድባት ሰው ብታገኝ ይሻላት ነበር። ምርቃቱን ቆማ ተቀበለች፤ ምን ታድርግ።

እስከ አሥር ሰዓት ሰዉ ተበታተነ። ዘርትሁን ወንበሮቹን አንድ በአንድ አውርዶ ሣሩ ላይ ደረደረና ክንዶቹን ሊያስቀምጥበት ጋሪ ፍለጋ ሄደ። ጋሽ ገሠሠ ፔርኖዎቹን እየፈቱ፣ በናፍጣ እያጠቡ፣ በጨርቅ እያደረቁ፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈትሻሉ። ስንጥቅ ካለ ጥፍር ይይዛል። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ለእያንዳንዱ ፔርኖ መሰላል ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የመጀመሪያው ደህና ነው። ሁለተኛው ደህና ነው። በሦስተኛው ላይ ብዙ ቆዩ፤ ያኔ የተሰነጠቀው የዚህ ቦታ ፔርኖ ነበርና። ደህና ነው። «የት ይሆን?» አሉ ለራሳቸው። «አንቺ የቱ ጋ ነው ልብሽ የከበደው? ወንበሩን ስታዪ ነው ወይስ ወደ ላይ ስታዪ?» ሠናይት ጨርቁን አቀበለቻቸው። እንዳላስጨንቃት ብለው ይመስላል፣ ደግመው አልጠየቁም።

አምስተኛውን ይዘው ሲወርዱ እግራቸው መሰላሉ ላይ ተንሸራተተ። አልወደቁም፤ ሠናይት ግን ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች፤ ደክመዋል። እዚያው እንደ ያዘቻቸው ተናገረች።

«አባዬ ተወው። ምንም ስንጥቅ የለም። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጥቼ ሳላይ ነው የጻፍኩት። ዛሬም አትውጪ ስላሉኝ ነው ያልወጣሁት። ማሽኑ ደህና ነው።»

ጋሽ ገሠሠ አምስተኛውን ፔርኖ ናፍጣው ውስጥ ነከሩት። አጠቡት፣ አደረቁት፣ በጥፍራቸው ፈተሹት። እሷም የምትጠብቀው ስድብ ስለነበረ፣ ጥፊም ቢሆን፣ ቆማ ጠበቀች። ፔርኖውን ከሌሎቹ አጠገብ ጨርቁ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ቀና ብለው አዩአት። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ የለም። አዝነውላታል።

«ስደክም አይተሽ ነው» አሉ። «መስቀል ሳይዞር ሊያልፍብኝ ነው ብለሽ አሳዘንኩሽ። ገባኝ። ግን ለኔ ብለሽ እንዲህ ያለ ውሸት አታውሪ ልጄ። የሰው ነፍስ ያለበት ነገር ነው። አንቺ ሳታዪ አትጽፊም፣ እኔ አይደለሁም እንዴ ያሳደግኩሽ።»

«አባዬ እውነቴን ነው።»

«እሺ» አሉ፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው እሺ አሉ። መሰላሉን ወደ ስድስተኛው ክንድ አዛወሩ፣ ወጡ፣ ፔርኖውን ፈትተው ወረዱ፣ አጥበው አደረቁ። በጥፍራቸው ሁለት ጊዜ ሄዱበት። ከዚያ የኔ ጥፍር ደንዝዟል፣ አንቺ እዪልኝ ብለው ሰጧት። ሠናይት በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ ፀሐይ አዞረችው። ብረቱ ንጹሕ ነበር። ቀና ስትል ጋሽ ገሠሠ መሰላሉን ተሸክመው ወደ ሰባተኛው እየሄዱ ነው።